የሙላቱ ሁለት ጉልበቶችና የሚስስ ፋን ጥንድ መድኃኒት

የዓለምዘርፍ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የምርምር ሕንፃ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታጸዳ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚሠሩት ሳይንቲስቶች ኬክ ቆርሰው ሸኟት። ኬኩ ላይ «ትናፍቂናለሽ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ አንዱ ተንኮለኛ በቀይ ክሬም «ኮንትሮሉ ግን አይናፍቅሽም» ብሎ ጨምሮበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለምዘርፍ ቆሻሻ ስትደፋም ሆነ ወለል ስትወለውል ጆሮዋ አያርፍም። እነዚያ ሰዎች ደግሞ በተከራከሩ ቁጥር የሚወረውሯት አንዲት ቃል አለች፤ ኮንትሮል። «ኮንትሮሉ የታለ?» «ያለ ኮንትሮል ይሄ ወሬ ነው!» አንድ ቀን አላስችላት አለና መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ አንዱን ወጣት ተመራማሪ ጠየቀችው።

«ቀላል ነው» አላት። «ለአንዱ አይጥ መድኃኒት ትሰጫለሽ፣ ለሌላው የውሸቱን፤ ኮንትሮል የሚባለው እሱ ነው። ሁለቱም ከዳኑ ያዳናቸው መድኃኒቱ አይደለም ማለት ነው።»

ይህን በሰማች በሁለተኛው ወር ሳይንቲስቶቹ በቡና ተጣሉ። ግማሾቹ ውዱ ቡና ካልሆነ አንጠጣም አሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ልዩነት የለውም አሉ። የዓለምዘርፍ ማንንም ሳታማክር የሁለቱን ከረጢት ቡና ገለባበጠችው። አንድ ወር ሙሉ ውዱን ርካሹ ከረጢት ውስጥ፣ ርካሹን ውዱ ከረጢት ውስጥ እያደረገች አጠጣቻቸው። በወሩ መጨረሻ ማን ምን እንዳለ በቀን በቀን የጻፈችበትን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ክፍሉን የሚመሩት ፕሮፌሰር ወረቀቱን አንብበው ሲስቁ እስከ ሊፍቱ ድረስ ተሰማ አሉ።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ይሄ ሁሉ ዕውቀት የሚያርፍበት ሰው አጣ። ቀረ ባሏ፣ ሙላቱ።

ሙላቱ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቷል። አልፎ አልፎ ሴኔተር፣ ሁልጊዜ ደግሞ የሰከረ ሰው ጭኗል፤ ከሁሉም አንዳንድ ዕውቀት ለቅሞ ይዟል። ደግ ሰው ነው፣ ለጎረቤት በረዶ የሚዝቅ፣ የሰው ሻንጣ ሳይጠሩት የሚሸከም። አንድ ጥፋት ብቻ አለበት፤ ከሩቅ የመጣ ነገር ሁሉ ልክ ይመስለዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማቸው ውስጥ አንገት የሚያቃና የጃፓን ትራስ፣ ጨው የማያስፈልገው የጀርመን ድስትና ማግኔት የተሰፋበት የኮሪያ ካልሲ አለ። ከአገር ቤት የመጣ ነገር ሲሆን ግን ፊቱ ይቋጠራል። የዓለምዘርፍ እህት ከደሴ ስትመጣ ለጥርስ ሕመም ይሆናል ብላ ከርቤ በትንሽ ብልቃጥ አምጥታ ነበር። ሙላቱ ሽታውን እንደሰማ መስኮቱን ሁሉ ከፈተ።

«በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን!» አለ። «ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ አንቺ ሙጫ ታኝኪያለሽ!»

ብልቃጡ በማግስቱ ከቤት ጠፋ።

ባለፈው መኸር ሁለቱም ጉልበቶቹ አበጡ። ደረጃ ሲወርድ እንደ አዲስ ሙሽራ በጎኑ ነው የሚወርደው። ሐኪሙ አየውና መገጣጠሚያው አርጅቷል፣ ዙሪያውም ተቆጥቷል አለው። ክብደት ቀንስ፣ ውኃ ዋና ጀምር፣ ይህን ቅባት ተቀባ፤ ሦስት ነገር አዘዘው። ሙላቱ ሦስቱንም አልወደዳቸውም። ለልብ ምቱ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚውጠው ደም የሚያቀጥን ኪኒን ስላለ፣ ሌሎቹን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ሐኪሙ ከልክሎታል።

መፍትሔው ከወዳጁ ከበፈቃዱ መጣ። በፈቃዱ ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ አሥራ አራተኛ ላይ ይኖራል። ከሙላቱ ጋር ታክሲ አብረው ጀምረው አብረው ጨርሰዋል። ስልክ ደወለ።

«ስማ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሚስስ ፋን የምትባል አንዲት ቻይናዊት መድኃኒት ቀማሚ አለች። የእኔን ትከሻ በአሥር ቀን ነው የፈታችው። አምስት ሺህ ዓመት የቆየ ሳይንስ ነው ጌታዬ!»

አምስት ሺህ ዓመት፣ ያውም ከቻይና። ሙላቱ ጉልበቱን ረስቶ መኪናው ውስጥ ሮጦ ገባ ማለት ይቻላል።

ሲመለስ ሁለት የወረቀት ጥቅል ይዟል። ጠረጴዛው ላይ እንደ ሕፃን አስተኛቸው። «ይሄኛው ሩ ሺያንግ ይባላል» አለ በጥንቃቄ። «ያኛው ሞ ያኦ። ጥንድ ናቸው። ለየብቻ ስትወስጃቸው እዚህ ግባ የሚባሉ አይደሉም፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እብጠትን ያባርራሉ። ባልና ሚስት በያቸው።»

«የትኛው ነው ባልየው?» አለች የዓለምዘርፍ።

«አሁን ቀልድ አያስፈልግም።»

ድስቱን ራሱ ጣደ። በጀርመኑ ድስት ነው እንግዲህ። ውኃው ሲሞቅ ከክዳኑ ሥር አንድ ሽታ ሾልኮ ወጣና ሳሎኑን ዞሮ የዓለምዘርፍ አፍንጫ ሥር ቆመ። ልብስ ታጥፍ ነበርና እጇ አየር ላይ ቀረ። ደሴ ልጅ ሳለች አክስቷ ገበያ ላይ ዕጣን ትነግድ ነበር፤ እሷም ከትምህርት ቤት መልስ ቅርፊቱን ከፍሬው፣ ነጩን ከጥቁሩ ስትለቅም ነው ያደገችው። ይህን ሽታ ተኝታ ሳለች ሰው ቢያስሸትታት እንኳ ስሙን ትናገራለች። አንደኛው ዕጣን ነው። ሌላኛው፣ ያ መራራው፣ መስኮት ያስከፈተው ከርቤ ነው።

ሙላቱን አየችው። በድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ በረጅሙ እየሳበ፣ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ምን ይሸታል?» አለችው ቀስ ብላ።

«ሳይንስ» አለ።

ልብሱን አንሥታ መኝታ ቤት ገባች። በሩን ዘጋች። ፊቷን የጃፓኑ ትራስ ውስጥ ቀብራ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወጥታም አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በፈቃዱ የልጅ ልጁን ልደት ሲያከብር ሄዱ። ፊኛው ሁሉ ሳይፈነዳ ሙላቱ ሳሎን መሀል ቆሞ ማስረዳት ጀመረ። አንዱ ሙጫ የተጨበጠውን ጅማት ያላላል፣ አንዱ የረጋውን ደም ያንቀሳቅሳል፣ ቻይናዎቹ ይህን ደርሰውበት እኛ ግን ዘፈንና ጭፈራ ላይ ቀረን እያለ። ከሚያዳምጡት ግማሾቹ የሚስስ ፋንን ስልክ ጻፉ። የዓለምዘርፍ ኬኳን በሹካ እየቆረሰች፣ «እስኪ ስለ ሽታው ንገራቸው» አለችው። ስለ ሽታው ለአምስት ደቂቃ ተናገረ። «የምሥራቅ ጥበብ የሚባል ሽታ ነው፤ ከዚህ በፊት የትም አላሸተትኩትም» አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ዕጣን ሳያሸት የሚመለስ አንድም ሰው አልነበረም፤ አንዳቸውም ግን ነገሩን አልጠረጠሩም።

እሷ ይህን ጨዋታ እስከ ገና ልትገፋበት አስባ ነበር። ያስቆማት የመታጠቢያው ሲንክ ነው። መድኃኒቱን በጀመረ በዘጠነኛው ቀን ጧት ሙላቱ ጥርሱን ፍቆ ሲወጣ ሲንኩ ላይ ቀይ ነገር ቀረ። በማግስቱም እንዲሁ። ክንዱ ላይ ደግሞ የት እንደተጋጨ የማያውቀው ሰማያዊ ምልክት አየች። ሳቋ ጠፋ። ጀርመንታውን ለምትኖረው ልጃቸው ለሳምሪ ኮል አደረገች። ሳምሪ ፋርማሲስት ናት።

«ማሚ፣ ምን እየወሰደ ነው?»

«ዕጣንና ከርቤ። እየጠጣው ነው።»

ሳምሪ «ኦ ማይ ጋድ» አለችና በፍጥነት መናገር ጀመረች። «ከርቤ ከደም ማቅጠኛው ጋር አብሮ መዋል የለበትም፣ ዕጣኑንም ቢሆን ማንም አላረጋገጠለትም። ዛሬውኑ ያቁም። ሐኪሙ ጋር እኔ እደውላለሁ፣ ነገ ደሙን ይመርመር። ደግሞ ዳድ የቻይና ነው እያለኝ ነበር እኮ!»

«የቻይናም ነው» አለች የዓለምዘርፍ። «ረጅም ታሪክ ነው። ስለ ዕጣኑ ግን እንዳትነግሪው።»

«ማሚ!»

«ማቆሙን ንገሪው። ስሙን ተይልኝ።»

ሙላቱ እሺ አላለም። የቻይና መድኃኒት ጉዳት የለውም፣ የድዱ መድማት አዲሱ ብሩሽ ነው አለ። ደም ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ግን ደሙ ከሚገባው በላይ ቀጥኗል ተባለ፤ ሐኪሙም ልክ እንደ ሳምሪ ተናገረው። ያኔ ሙላቱ ተሰበረ። አንድ ቀን ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እነዚያን ሁለት ጥቅሎች ያያል። የዓለምዘርፍ አንጀቷ አልቻለም።

«ተነሥ» አለችው። «ሄደን ራሷን እንጠይቃት።»

የሚስስ ፋን ሱቅ ከአንድ ጎማ ቤትና ከአንድ ልብስ ማጠቢያ መሀል የተሸጎጠ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መሳቢያ፣ መሳቢያው ላይ ሁሉ ጽሑፍ። ሚስስ ፋን ቀጭን፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሙላቱ የሆነውን ሲነግራት መነጽሯን አድርጋ አንድ ወረቀት ከፋይል አወጣች።

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ» አለ ሙላቱ።

«ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ? አይ። ደም የሚያቀጥን? አይ። የልብ ችግር? አይ።» ወረቀቱን በጣቷ እየመታች አነበበችው። «አሥራ አራት ጥያቄ፣ አሥራ አራት አይ! አንተ እዚህ የመጣኸው ልታገባኝ ነው ልትታከም?»

ሙላቱ ጠንካራ ሰው እንዲመስል ብሎ እንደሞላው ማስረዳት ሲጀምር፣ ደግነቱ የጎማ ቤቱ ሰው በሩን አንኳኩቶ መኪናውን እንዲያነሣ ጠራው። ፓርክ ያደረገው ከጎማ ቤቱ መግቢያ ላይ ኖሯል። እየተጣደፈ ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። የዓለምዘርፍ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣ «የሰጠሽውን ዕቃ ልየው?» አለች። እንግሊዝኛቸው የተለያየ ስብራት አለው፤ ግን ይግባባል። ሚስስ ፋን ሁለት ማሰሮ አወረደች። የዓለምዘርፍ ከአንደኛው አንድ ፍሬ አንሥታ ለብርሃን አቀረበችው፣ በጥፍሯ ፋቀችው፣ አሸተተችው።

«ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአፍሪካ» አለች ሚስስ ፋን። «ከሶማሌ፣ ከኢትዮጵያ። ምርጡ ከዚያ ነው።»

«እኔስ ከየት የመጣሁ ይመስልሻል?»

ሚስስ ፋን መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ዝቅ አድርጋ አየቻት። ከዚያ በሩን አየች፤ ሙላቱ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ ይታያል። ከዚያ ማሰሮውን። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«አያውቅም?»

«አያውቅም።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እንዲያ ሲሳቅ ባንኮኒው ላይ ያለው ሚዛን ተንቀጠቀጠ። ሚስስ ፋን ስትረጋጋ ግን ጣቷን አነሣች።

«ቆይ ቆይ፣ ዕቃው የእናንተ ነው እሺ። ያጣመርነው ግን እኛ ነን። እናንተ ይሄን ታጤሳላችሁ፣ ያንን ታኝካላችሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ለቁስልና ለእብጠት ትሰጣላችሁ?»

የዓለምዘርፍ «አክስቴ ለየብቻ ነበር የምትሸጣቸው» ብላ አመነች።

«አየሽ! ያውም ጥሬውን አይደለም። በአቼቶ አብስለን ነው፣ ጨጓራ እንዳይቆጣ። አንዱ የሌላውን ሥራ ያግዛል ነው ጥንድ የሚባለው። ደግሞ አንዳንዴ አንዱ የሌላውን ክፋት ያስታግሳል። የእነዚህ ጥንዶች ስም ስንት መቶ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ላይ አለ።»

«ኮንትሮል አለው?» አለች የዓለምዘርፍ።

ሚስስ ፋን ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበር። «ጥናቱን ልጄ ታነብልኛለች» አለች። «በሴል ላይ፣ በአይጥ ላይ ሠርተዋል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ብግነቱን ለየብቻ ከሚቀንሱት በላይ ይቀንሳሉ የሚሉ አሉ። በሰው ላይ ግን ገና ብዙ የለም። ይረዳል ይሆናል እላለሁ እንጂ ያድናል አልልም። ለባልሽ የሚጠጣ ከእንግዲህ አልሰጥም። የሚቀባ ይሻለዋል፣ እሱንም ሐኪሙ እሺ ካለ። እና ልንገረው? ስለ ዕጣኑ?»

«እንዳትሞክሪው! መጀመሪያ አንድ ሥራ አለኝ።»

ሐኪሙ ቆዳው እስካልተቆጣና ደሙ በየሳምንቱ እስከተመረመረ ድረስ ቅባቱ ይሁን አለ። ሚስስ ፋን በንብ ሰምና በዘይት አዘጋጀችው። የዓለምዘርፍ ደግሞ ከሲቪኤስ መድኃኒት ቤት ቫዝሊን ገዝታ በእርድ ቀለም አስይዛ ሁለተኛ ብልቃጥ ሞላች። ሁለቱ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ክዳናቸው ላይ ብቻ «ቀኝ» እና «ግራ» ብላ ጻፈችባቸው። እቅዱን ለሳምሪ ስትነግራት ልጅቷ ጮኸች።

«በቀኝ ጉልበቱ እውነተኛውን፣ በግራው የውሸቱን? ሳይነገረው? ማሚ ይሄ ኤቲካል አይደለም! ካንሰንት ፎርሙ፣ የፈቀደበት ፊርማ የታለ?»

«ስንጋባ ፈርሟል» አለች የዓለምዘርፍ።

አራት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ጧት ጧት ሙላቱ ሱሪውን አጥፎ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሷ በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለቱንም ጉልበቶች ትለካና ደብተር ላይ ትጽፋለች። ቀጥሎ ቀኙን ትቀባለች፤ አፍንጫው በዕጣንና በከርቤ ከሞላ በኋላ ግራውን በእርድ ቫዝሊን ታሻሸዋለች። የሁለቱም ሽታ አንድ ይመስለዋል። እሱ ደግሞ በየቀኑ ስለ ቻይና ትምህርት ይሰጣታል። እሷ ደግሞ «እህ?» እያለች ትለካለች።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሙላቱ በደረጃው ፊት ለፊቱን መውረድ ጀመረ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የጎረቤት ሻንጣ ተሸከመ። የዓለምዘርፍ ደብተሯን እያየች ግራ ተጋባች፤ ቀኙም ቀንሷል፣ ግራውም ቀንሷል። ሜትሩ የተሳሳተ መስሏት ሌላ ገዛች። ሌላውም ያንኑ አለ።

በመጨረሻው እሑድ ምሳ አዘጋጅታ ሳምሪንና በፈቃዱን ጠራች። ሰው በልቶ ሲጠግብ ደብተሩን አመጣችና፣ «ሙላቱ፣ የትኛው ጉልበትህ ነው የበለጠ የተሻለው?» አለችው።

«ምን ጥያቄ አለው፣ ግራው ነዋ!» ተነሥቶ በግራ እግሩ ብቻ ቆመ። «ግራው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኗል። መድኃኒቱ ግራ ላይ እንዴት እንደሚሠራ!»

ሳምሪ ፊቷን በናፕኪን ሸፈነች።

«ግራው ላይ አራት ሳምንት የቀባሁህ ቫዝሊንና እርድ ነው» አለች የዓለምዘርፍ። «ያው የወጥ እርድ።»

ሙላቱ በአንድ እግሩ እንደቆመ ቀረ።

«ቀኙ ላይ ያለው ደግሞ እውነተኛው ጥንድ ነው። ሩ ሺያንግ ማለት ዕጣን ነው። ሞ ያኦ ማለት ከርቤ። ያ መስኮት ያስከፈተህ።»

በፈቃዱ ጥርሱ መሀል የነበረውን ብርቱካን ሳይውጥ፣ «ከርቤ?» አለ። ከዚያ ሳቀ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ። ሳምሪም ሳቀች። ሙላቱ ግን አልሳቀም። እግሩን አወረደ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ። ጆሮው ቀልቷል። የዓለምዘርፍ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ፊት ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

«ለምን ዝም አልሽኝ?» አላት። «በሰው ፊት፣ በበፈቃዱ ቤት ያን ሁሉ ስለፈልፍ።»

«ብነግርህ ትሞክረው ነበር?»

ታማኝ ሰው ስለሆነ ዋሽቶ አላመለጠም። «አልሞክረውም» አለ።

«ድስቱን የጣድክ ቀን ላስቆምህ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ድድህ ሲደማ ነው ያፈርኩት። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሙላቱ ደብተሩን ወደራሱ ሳበ፣ መነጽሩን አድርጎ ረድፉን በጣቱ ተከተለ። ቀኝ፣ ከአርባ ሦስት ሴንቲሜትር ወደ አርባ አንድ ተኩል። ግራ፣ ከአርባ ሁለት ተኩል ወደ አርባ አንድ። ቀስ በቀስ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ።

«የዓለም» አለ።

«አቤት።»

«እኔም የምነግርሽ አለኝ። አንቺ ቀኙን አብዝተሽ ነው የምትቀቢው። ሁልጊዜ ቀኙን በደንብ፣ ግራውን ለይስሙላ።»

«እና?»

«ግራው አሳዘነኝ። አንቺ ሻወር ስትገቢ ከቀኙ ብልቃጥ እያወጣሁ ለግራውም እጨምርለት ነበር። በየቀኑ።»

የዓለምዘርፍ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። አራት ሳምንት ሙሉ! ሃያ ስምንት ልኬት፣ ሁለት ሜትር፣ ቀለም የገባ ቫዝሊን። «ኮንትሮሌን በላኸው!» ብላ ጮኸች። «አንተ ሰው ኮንትሮሌን በላኸው!»

አሁን የሳቀው ሙላቱ ነው። ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፣ እሷም በደብተሩ ትከሻውን እየመታችው ሳቀች። ሳምሪ ይህን ጥናት ማንም ጆርናል እንደማይቀበለው በእንግሊዝኛ አስታወቀች።

ከዚያ በኋላ ሙላቱ ለጥቂት ሳምንት ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። ቻይናዎቹ ከእኛ ወስደው ነው፣ ሁሉም የእኛ ነበር እያለ ለሰው ሁሉ ማስረዳት ጀመረ። የዓለምዘርፍ ይህንንም አልፈቀደችለትም። «ዛፉ የእኛ ነው፣ ማጣመሩና በአቼቶ ማብሰሉ የእነሱ ነው። በትክክል ተናገር» ትለዋለች፣ በሰው ፊትም ቢሆን።

ቅባቱ ምን ያህል እንደረዳው ዛሬም አታውቅም። ሙላቱ ፈርሞ፣ ሚስስ ፋን ምስክር ሆና፣ ብልቃጦቹ በቁልፍ ተቆልፈው ሁለተኛ ዙር ጀምረዋል። እስካሁን ቀኙ በትንሹ ይመራል። የዓለምዘርፍ ግን ሰው ሲጠይቃት፣ «አንድ ሰው ነው፣ ሁለት ጉልበት ነው፣ ያውም የሙላቱ ጉልበት» ብላ ታልፈዋለች። የሚስስ ፋንን ስልክ ከሙላቱ ወስደው አሌክሳንድሪያ ለሄዱት የልደት እንግዶች ሁሉ ግን ራሷ ደውላ ኪኒናቸውን ጠይቃለች። ደም ማቅጠኛ የሚውጡ ሁለት ሰዎችን አስቁማለች።

ሚስስ ፋን ዕጣን በመለየት ያየችባትን እጅ አልረሳችም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ቅርፊቱን ከፍሬው እንድትለቅምላት ቀጥራታለች። ሁለቱ እየለቀሙ ስለ ባሎቻቸው ያወራሉ። የሚስስ ፋን ባል ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ግን አሁንም የሚወራበት ጉድ አልጎደለም።

ሐኪሙ ካዘዛቸው ነገሮች መካከል ሙላቱ በመጨረሻ ዋናውንም ጀመረ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሕዝብ መዋኛ ውስጥ ማክሰኞና ሐሙስ ጧት የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው የውኃ ስፖርት አለ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሰባት ሴቶችና ሙላቱ ናቸው። መዋኘት ስለማይችል ተንሳፋፊ ስፖንጅ ሰጡት፤ የቀረው ደግሞ ሮዙ ብቻ ነበር። ሮዙን ስፖንጅ ሆዱ ላይ ታቅፎ፣ አገጩን ከውኃው በላይ አድርጎ፣ ከአንዲት የሰማንያ ዓመት ሴት ጎን በክብር ሲራመድ የዓለምዘርፍ ከዳር ሆና ፎቶ አነሣችውና ለበፈቃዱ ላከችለት። በፈቃዱ ወዲያው ኮል አደረገ።

«ሴቶቹ ስንት ናቸው አልሽኝ?»

በሐሙሱ የዋና ቁምጣ ገዝቶ፣ የዋጋ ወረቀቱን እንኳ ሳይነቅል፣ ከስካይላይን መጣ።